71 ከ104፦ የ1956ቱን የጎልድ ኮስት ምርጫ ውጤት በትኖ ማንበብ

የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ የመጨረሻው የቅኝ ግዛት ዘመን ምርጫ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው አንድ አኃዝ ነው፦ ከ104 መቀመጫ 71ዱን የክዋሜ ንክሩማህ ፓርቲ ወሰደ። አኃዙ ትክክል ነው። ብቻውን ሲቆም ግን የሚናገረው ጥቂት ነው። ይህ 71 አራት ቦታ ተከፍሎ ሲታይ አንዱ ጋ ተቃዋሚ ጭርሱን የጠፋበት ድል፣ ሁለቱ ጋ ሽንፈት፣ አንዱ ጋ ደግሞ ጠባብ ብልጫ ሆኖ ይገኛል። የምርጫ ውጤት በድምሩ ሳይሆን በክፍልፋዩ መነበብ አለበት ብዬ አጥብቄ የምከራከረው በዚህ ምርጫ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከነመገጣጠሚያው ፈትቼ አስቀምጠዋለሁ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዝርዝሩ ይህ ነው። ምርጫው የተካሄደው ጁላይ 12 እና 17 ቀን 1956 ነው። የሕዝብ ኮንቬንሽን ፓርቲ፣ በአጭሩ ሲ.ፒ.ፒ.፣ 71 አገኘ። ሰሜናዊ ሕዝቦች ፓርቲ 15፣ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ንቅናቄ 12፣ ቶጎላንድ ኮንግረስ 2፣ የሙስሊሞች ማኅበር ፓርቲ 1፣ የወጣቶች ድርጅቶች ፌዴሬሽን 1፣ የግል ዕጩዎች 2። ድምሩ 104 ይመጣል። ስለዚህ ምርጫ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ይህንን ድምር ይሥራ። ትንንሾቹን ፓርቲዎች «ሌሎች» ብሎ የሚጠቀልል ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት መቀመጫ ይጥላል፤ የተጣለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከቮልታ ወንዝ ማዶ ያለው ነው።

ቀጥሎ የሚያሳስተው ስም ነው። በዘመኑ ሰነድ «ኮሎኒ» ማለት አገሩ በሙሉ አይደለም። በእንግሊዝ ባንዲራ ሥር የነበረው ግዛት በሕግ አራት የተለያዩ ነገሮች ድምር ነበር፦ የባሕር ዳርቻውና ደቡቡ ከ1874 ጀምሮ የዘውዱ ቅኝ ግዛት (ኮሎኒ የተባለው ይህ ነው)፣ አሻንቲ በጦርነት ተይዞ በ1901 የተጠቃለለ ምድር፣ ሰሜናዊ ግዛቶች የጥበቃ ግዛት፣ የእንግሊዝ ቶጎላንድ ደግሞ ከጀርመን ተወስዶ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት የቆየ መሬት። ለምርጫ ሲባል የቶጎላንድ ደቡባዊ ክፍል ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች ጋር ተዳምሮ ትራንስ ቮልታ ቶጎላንድ የሚባል ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ሰሜናዊው ክፍል ከሰሜናዊ ግዛቶች ጋር ታየ። መቀመጫውም በእነዚህ አራት ክፍላተ ሀገር ተደለደለ፦ ኮሎኒ 44፣ አሻንቲ 21፣ ሰሜን 26፣ ትራንስ ቮልታ ቶጎላንድ 13።

አሁን 71ን በዚህ ላይ እንበትነው። ኮሎኒ፦ ከ44ቱ 44ቱንም ሲ.ፒ.ፒ. ወሰደ። አሻንቲ፦ ከ21 ስምንት ብቻ፤ አሥራ ሁለቱን ብሔራዊ ነጻ አውጪ ንቅናቄ፣ አንዱን አጋሩ የሙስሊሞች ማኅበር ፓርቲ አገኘ። ሰሜን፦ ከ26 አሥራ አንድ፤ አሥራ አምስቱ የሰሜናዊ ሕዝቦች ፓርቲ ሆነ። ትራንስ ቮልታ ቶጎላንድ፦ ከ13 ስምንት፤ ሁለት የቶጎላንድ ኮንግረስ፣ አንድ የወጣቶቹ ፌዴሬሽን፣ ሁለት የግል። 44 እና 8 እና 11 እና 8 ሲደመር 71።

ኮሎኒን አውጥታችሁ የቀሩትን ሦስቱን ብቻ ደምሩ። ከ60 መቀመጫ ሲ.ፒ.ፒ. ያለው 27 ነው፤ ሌሎቹ 33። አገሩን ወደ ነጻነት የመራው ፓርቲ ከባሕር ዳርቻው ክፍለ ሀገር ውጪ አናሳ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያህል እውነት በአንዲት መደመርና መቀነስ የሚገኝ ሆኖ ሳለ ስንት ጽሑፍ ሳያነሣው እንደሚያልፍ ሳይ ያሳዝነኛል።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ሲ.ፒ.ፒ. 398,141፣ ተቃዋሚዎቹና የግል ዕጩዎቹ ተደምረው 299,116 አገኙ። ከተሰጠው 697,257 ድምፅ 57 በመቶው የሲ.ፒ.ፒ. ሆነ። በመቀመጫ ግን 68 በመቶ ነው። ልዩነቱ የመጣው አንድ ወንበር ለአንድ አሸናፊ ከሚሰጠው የእንግሊዝ ሥርዓት ነው፦ በአንድ የምርጫ ክልል አሥር ድምፅ በልጦ ያለፈም አሥር ሺህ በልጦ ያለፈም ያው አንድ መቀመጫ ያገኛል። ተቃዋሚው በኮሎኒ ያገኘው ድምፅ ሁሉ አንድ ወንበር እንኳ አላስገኘም። በአንጻሩ ሲ.ፒ.ፒ. በአሻንቲ ከድምፁ ከ40 በመቶ በላይ ወስዶ ስምንት መቀመጫ አገኘ፤ ስለዚህ «አሻንቲ በአንድ ድምፅ ንክሩማህን ጠላው» የሚለውም ልክ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አምስት መቀመጫ ያለ ተፎካካሪ ነው ያለፈው፤ አምስቱም የሲ.ፒ.ፒ. ናቸው። ተፎካካሪ በሌለበት ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፅ ካልተሰጠ ደግሞ በ697,257 ውስጥ አይገባም። ስለዚህ 57 በመቶው የ104 ሳይሆን የ99 የምርጫ ክልሎች ልኬት ነው። የሲ.ፒ.ፒ. ትክክለኛ ድጋፍ ከዚያ ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል እንጂ ዝቅ አይልም። የመራጩ ቁጥርም ሌላ ልኬት ነው፦ ድምፅ በተሰጠባቸው ቦታዎች ከተመዘገበው ሕዝብ የመጣው ግማሹ ያህል ነው። «የአገሩ 57 በመቶ» እና «ወጥቶ ከመረጠው 57 በመቶ» አንድ አይደሉም። ይህን ክርክር በዚያ ዘመን ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው አንሥተውታል፤ ሆኖም ያልመጣውን ሰው ወደ ራስ ጎራ መቁጠር ለሁለቱም ወገን አያስኬድም።

የቀደሙትን ሁለት ምርጫዎች ሳያዩ 1956ን መረዳት ከባድ ነው። በተለይ 1951 ከ1956 ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ሲቀመጥ ትልቅ ስሕተት ይሠራል።

በ1951ዱ ሕገ መንግሥት የሕግ አውጪው ጉባኤ 84 አባላት ነበሩት። ከእነዚህ በሕዝብ የሚመረጡት 38 ብቻ ናቸው። 37ቱን የየአካባቢው የባላባቶችና የሽማግሌዎች ምክር ቤቶች መርጠው ይልካሉ፦ ከኮሎኒ 11፣ ከአሻንቲ 6፣ ከደቡብ ቶጎላንድ 1፣ ከሰሜን 19። ስድስት የንግድና የማዕድን ምክር ቤቶች ወኪሎች፣ ሦስት ደግሞ በሹመታቸው የሚቀመጡ እንግሊዛውያን ባለሥልጣናት አሉ። 38፣ 37፣ 6፣ 3፤ ድምሩ 84።

በሕዝብ ይመረጣሉ የተባሉት 38ቱም ቢሆኑ ሁሉም በቀጥታ አይደለም። በቀጥታ የሚመረጡት የከተማ አምስቱ ብቻ ናቸው፦ አክራ ሁለት፣ ኬፕ ኮስት፣ ሴኮንዲ ታኮራዲና ኩማሲ አንድ አንድ። የቀሩት 33 የገጠር መቀመጫዎች በሁለት ደረጃ ይሞላሉ። መጀመሪያ ዕድሜው 21 የሞላና የአካባቢውን ግብር የከፈለ ሰው በየቀበሌው ወኪል ይመርጣል። ከዚያ ወኪሎቹ በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ በምስጢር ድምፅ፣ የጉባኤውን አባል ይመርጣሉ። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ ገጠሬው የሚያውቀውን የአካባቢ ሰው ይመርጣል፤ ያ ሰው ደግሞ የባላባቱን ፊት አይቶ፣ አመዛዝኖ፣ «ጭምት» ሰው ይልካል። ሳይሆን ቀረ። ሲ.ፒ.ፒ. ሥራውን የሠራው ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ወኪል ሆኖ የሚቀርበው ሰው አስቀድሞ ለፓርቲው ቃል የገባ እንዲሆን አደረገ፤ ወኪሎቹ ሲሰበሰቡ ውጤቱ አልቆ ነበር። በሁለት ደረጃ የሚካሄድ ምርጫ ጠንካራ ድርጅት ያለውን ፓርቲ አያዳክመውም፤ ይልቁን ያልተደራጀውን ተፎካካሪ ሁለት ጊዜ ያሸንፈዋል።

ውጤቱ 34 ከ38 ሆነ። ተቀናቃኙ ፓርቲ፣ የእነ ጄ. ቢ. ዳንኳህ የተባበረው የጎልድ ኮስት ኮንቬንሽን፣ 3 ብቻ አገኘ። ንክሩማህ ራሱ በጃንዋሪ 1950 «አዎንታዊ እርምጃ» በተባለው አድማ ምክንያት ታስሮ፣ በአክራው የጄምስ ምሽግ ወኅኒ ሆኖ ነው የተወዳደረው። የተፈረደበት በድምሩ ሦስት ዓመት ነው፤ ግን አንድ ሦስት ዓመት ሳይሆን ሦስት የአንድ አንድ ዓመት ፍርዶች ነበሩ። የምርጫው ሕግ የሚከለክለው ከአንድ ዓመት በላይ የተፈረደበትን ሰው ነው። እያንዳንዱ ፍርድ ከአንድ ዓመት ስላላለፈ ስሙ በመራጮች መዝገብ ገባ፤ ከገባ ደግሞ መወዳደር ይችላል። በማዕከላዊ አክራ ከ23,122 መራጭ 22,780ው መረጠው። ይህን ቁጥር ከሌሎች ጋር የሚያወዳድር ሰው አክራ የሁለት ወንበር ከተማ እንደነበረች፣ መራጩም ሁለት ድምፅ እንደነበረው ያስታውስ። አገረ ገዢው ሰር ቻርልስ አርደን ክላርክ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1951 ፈትቶ መንግሥት እንዲመሠርት ጠራው። ማዕረጉ መጀመሪያ «የመንግሥት ሥራ መሪ» ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የተባለው በ1952 ነው።

ስለዚህ «34 ከ38» እና «71 ከ104» ሲነጻጸሩ ፓርቲው ከ89 በመቶ ወደ 68 የወረደ ይመስላል። የተሳሳተ ንጽጽር ነው። በ1951 ሲ.ፒ.ፒ. በጉባኤው ውስጥ የነበረው 34 ከ84፣ ማለትም 40 በመቶ ብቻ ነው። ከሰሜንና ከአሻንቲ ምክር ቤቶች የመጡ አባላት ካልደገፉት ሕግ ማሳለፍ አይችልም ነበር። ሰሜን በ1951 ለሕዝብ ድምፅ ጭርሱን አልቀረበም ማለት ይቻላል፤ 19ኙ አባላቱ የተላኩት በምክር ቤት በኩል ነው። የሰሜኑ ሕዝብ ስሜት በቁጥር የታየው ከ1954 ወዲህ ነው።

የ1954ቱ ምርጫ፣ ጁን 15፣ 104ቱም መቀመጫዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ድምፅ የተሞሉበት ነው። ሲ.ፒ.ፒ. 391,817 ድምፅና ከ70 በላይ መቀመጫ አገኘ። ዳንኳህ በገዛ አገሩ በአኪም አቡአክዋ ተሸነፈ፤ በ1956ም እንደገና ተሸነፈ። በዚያ ምርጫ ትኩረት የሚገባው ሌላ ነገር የግል ዕጩዎች ብዛት ነው፦ 16 የግል ዕጩዎች አለፉ። ከግል ዕጩዎቹ ብዙዎቹ የሲ.ፒ.ፒ. ሰዎች ነበሩ፤ በፓርቲው ዕጩነት ሳይመረጡ ሲቀሩ ተቀይመው ለብቻቸው የቀረቡ። ፓርቲው በመላ አገሩ ለእያንዳንዱ ወንበር አንድ ሰው ብቻ ማቅረብ ስላለበት አሥር ሰው ለሚመኘው ቦታ ዘጠኙን ማስቀየም ግድ ነው። ንክሩማህ 81 እንዲህ ያሉ ዕጩዎችን አባረረ። የተባረረው ሰው ግን ድጋፉን፣ የቀበሌ ኮሚቴውንና ቂሙን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሦስት ወር በኋላ የተመሠረተው የአሻንቲው ንቅናቄ በወራት ውስጥ እንዴት ድርጅት አገኘ ለሚል ጥያቄ አንዱ መልስ እዚህ ነው፦ ከሲ.ፒ.ፒ. የወጡና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ገቡበት።

ሌላው መልስ ካካዎ ነው። በኦገስት 1954፣ ከምርጫው ሁለት ወር በኋላ፣ መንግሥት ለገበሬው የሚከፈለውን የካካዎ ዋጋ ለአራት ዓመት በሕግ አሰረው፦ ለአንድ ሸክም 72 ሽልንግ። አንድ ሸክም 60 ፓውንድ ክብደት፣ 27 ኪሎ ያህል ነው። በእንግሊዝ ቶን ሲሰላ 134 ፓውንድ ከ8 ሽልንግ ይመጣል። በዚያው ዓመት የዓለም ገበያ ዋጋ ለአንድ ቶን ከ400 ፓውንድ በላይ ነበር። ልዩነቱ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፤ ለልማት ይውላል ተብሎ ነው። የፋይናንስ ሚኒስትሩ ኮምላ ግቤዴማህ ያቀረበው ምክንያት በኢኮኖሚ ደረጃ መሠረት ነበረው፦ ያን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለገበሬ መልቀቅ ዋጋ ያንራል፤ ካካዎውም የሁሉም አገር ሀብት ነው። ለገበሬው ግን የሚታየው ሌላ ነው፦ በጁን ድምፄን ወሰዱ፣ በኦገስት ዋጋዬን ቆረጡ። በእኔ እምነት የሕጉ ይዘት ካደረሰው ጉዳት ይልቅ ጊዜው ያደረሰው ይበልጣል። ዋጋው ከምርጫው በፊት ተነግሮ ቢሆን ሲ.ፒ.ፒ. ጥቂት መቀመጫ ያጣ ነበር፤ ከምርጫው በኋላ በመምጣቱ ግን ክህደት ሆነ።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1954 በኩማሲ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ንቅናቄ ተመሠረተ። ሊቀ መንበሩ ባፉኦር ኦሴይ አኮቶ የአሻንቲው ንጉሥ የአሳንቴሄኔ ዋና ቃል አቀባይ ነበር። ይህ ሹመት በአሻንቲ ባህል ቀላል አይደለም፤ ንጉሡ በሕዝብ ፊት የሚናገረው በቃል አቀባዩ አፍ ነው። ስለዚህ ንቅናቄው ከመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር በአንድ ላይ ነበረው፦ የገበሬው ቁጣ፣ የቤተ መንግሥቱ ክብር፣ ከሲ.ፒ.ፒ. የተባረሩ ወጣቶች ጉልበት። ጥያቄውም ከካካዎ ዋጋ አልፎ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት ሆነ። ኩማሲ ውስጥ ቤት ማቃጠል፣ ድብደባ፣ ግድያ ተከተለ፤ በኦክቶበር የንቅናቄው ሰው ኢማኑኤል ባፎ ተወግቶ ተገደለ።

ከአሻንቲ ቅሬታዎች አንዱ የመቀመጫ ድልድሉ ነበር። 21 አይበቃንም፣ 30 ይገባናል አሉ። ይህን በቁጥር መፈተን ይቻላል። በ1948ቱ ቆጠራ ከ4.1 ሚሊዮን ሕዝብ የአሻንቲው 820 ሺህ ገደማ፣ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 21 ከ104ም አንድ አምስተኛ ነው። በሕዝብ ብዛት ከተባለ ድልድሉ ትክክል ነበር፤ አሻንቲ ይገባኛል ያለው ከካካዎው ባለው ትልቅ ድርሻ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ መለኪያ ነው። 30ው ተሰጥቶ፣ የ1956ቱ ውጤት በዚያው መጠን ቢደገም እንኳ ሲ.ፒ.ፒ. ከ30ው 11 ገደማ ያገኛል፤ ጉባኤው 113 ይሆናል፤ የሲ.ፒ.ፒ. ድርሻ 74 ገደማ፣ 65 በመቶ ያህል። የመቀመጫ ድልድሉ በመንግሥት ምሥረታው ላይ ለውጥ አያመጣም ነበር። ንቅናቄውን ያሸነፈው የካርታ አሠማመር ሳይሆን ከአሻንቲ ውጪ ደጋፊ ማጣቱ ነው።

ለንደን እስከዚያ ትጠብቅ ነበር። ፌዴራል ወይስ አሐዳዊ የሚለውን እንዲያስታርቅ ሰር ፍሬድሪክ ቦርን በ1955 ተላከ፤ ንቅናቄው አልቀበልም አለ። በመጨረሻ በሜይ 1956 የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ አለን ሌኖክስ ቦይድ ቅድመ ሁኔታውን አስቀመጠ፦ አዲስ ጠቅላላ ምርጫ ይካሄድ፤ አዲሱ ጉባኤ በ«ምክንያታዊ አብላጫ» ነጻነትን ከጠየቀ ቀኑ ይቆረጣል። ምክንያታዊ አብላጫ ስንት እንደሆነ፣ በአገር ደረጃ ይሁን በክፍለ ሀገር፣ አልተገለጸም። ጠቡ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ያልተብራራ ሐረግ ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው ተርጉመው ወደ ምርጫው ገቡ፤ በምርጫው ማግሥትም ሁለቱም «አሸንፈናል» አሉ።

በዚያው ወር፣ ሜይ 9፣ በእንግሊዝ ቶጎላንድ በተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪነት ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፦ ከጎልድ ኮስት ጋር መዋሐድ ወይስ ተለይቶ በሞግዚትነት መቆየት። 58 በመቶ ውሕደትን መረጠ። ይህም ሲበተን ሌላ መልክ አለው፤ ሰሜኑ በከፍተኛ ድምፅ ውሕደት ሲል ደቡቡ በአብላጫ መለየትን ነው የመረጠው። ትራንስ ቮልታ ቶጎላንድ ውስጥ ቶጎላንድ ኮንግረስና የወጣቶቹ ፌዴሬሽን ከሁለት ወር በኋላ ሦስት መቀመጫ ያገኙት ከዚህ ስሜት ነው።

ድምፅ አሰጣጡንም መናገር ይገባል፤ ውጤቱን የሚቆጣጠረው እሱ ነውና። ማንበብ የማይችል መራጭ ብዙ ስለነበር በወረቀቱ ላይ ምልክት ማድረግ አልተጠየቀም። ለእያንዳንዱ ዕጩ የራሱ ኮሮጆ ይቆማል፤ ኮሮጆው ላይ የዕጩው ምልክት ይለጠፋል። የሲ.ፒ.ፒ. ምልክት ቀይ አውራ ዶሮ፣ የአሻንቲው ንቅናቄ የካካዎ ዛፍ ነበር። መራጩ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ተጋረደው ክፍል ብቻውን ይገባና የመረጠው ምልክት ባለበት ኮሮጆ ይከታል። የዚህ ዘዴ ጥቅም የተበላሸ ድምፅ አለመብዛቱ ነው፤ በቅርጽ የሚሳሳት የለም። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። ወረቀቱ ላይ ምንም ስለማይጻፍ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቀው ኮሮጆው ብቻ ነው። ማሸጊያው ከተከፈተ ወይም ወረቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ከተገለበጠ በድጋሚ ቆጠራ የሚታረም ነገር የለም። መራጩ ወረቀቱን ሳይከት ኪሱ ይዞት ከወጣ ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል፤ ገዢውም ከራሱ ወረቀት ጋር ሁለቱን አንድ ላይ ይከታል። ኮሮጆው አናት ላይ ትቶት ከወጣ ደግሞ ቀጣዩ የሚገባው ሰው ወደፈለገው ይወረውረዋል። ስለዚህ አስፈጻሚው ሁለት ሥራ ያለማቋረጥ መሥራት አለበት፦ ወረቀት ሲያወጣ ማኅተም መምታት፣ በየጊዜውም ወደ ተጋረደው ክፍል ገብቶ መሬት የወደቀ ካለ ማየት። የምልክቱም ነገር ከፓርቲ ስም በላይ ነበር፦ ዘመቻው ሁሉ «ዶሮዋን ምረጡ» ነው። በአንድ ምልክት በመላ አገር የቀረበ ፓርቲ በየቦታው የተለያየ ምልክት ከያዙ የግል ዕጩዎች የበለጠ የሚጠቀመው ለዚህ ነው።

በአሻንቲ የሲ.ፒ.ፒ. ስምንት መቀመጫዎች በዘፈቀደ የተበተኑ አልነበሩም። ዋናው ምሽግ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው የብሮንግ ምድር ነበር። የብሮንግ አለቆች ከኩማሲ ቤተ መንግሥት የበላይነት መውጣት ከ1951 ጀምሮ በራሳቸው ማኅበር ሲጠይቁ ቆይተዋል። አሻንቲ ከአክራ የጠየቀውን እነሱ ከኩማሲ ይጠይቁ ነበር። ሲ.ፒ.ፒ. ይህን አይቶ የራሳቸው ክፍለ ሀገር እንደሚኖራቸው ተስፋ ሰጠ። የተቃዋሚው መሪ ኮፊ ቡሲያ ራሱ የዚያው አካባቢ፣ የዌንቺ ሰው ነው። ስለዚህ አሻንቲን እንደ አንድ ቀለም የሚቀባ ካርታም ያሳስታል፤ የክፍለ ሀገሩ ውስጥ ሌላ ክፍለ ሀገር ነበረ።

የሰሜኑም 15 መቀመጫ የአሻንቲው ንቅናቄ ተጨማሪ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ሰሜናዊ ሕዝቦች ፓርቲ ከንቅናቄው ይቀድማል፤ የተመሠረተው በኤፕሪል 1954፣ የካካዎው ሕግ ሳይወጣ ነው። በሰሜን ካካዎ አይበቅልም። የሰሜኑ ሥጋት ሌላ ነበር፦ ትምህርት ቤት ዘግይቶ የደረሰበት፣ የተማረ ሰው የሚቆጠርበት አገር በደቡብ ሰዎች ሹመት ሥር እንዳይወድቅ። መሪው ኤስ. ዲ. ዶምቦ ራሱ ባላባት ነበር። ሁለቱ ፓርቲዎች የተገናኙት በፌዴራል ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። «ተቃዋሚው 33 አገኘ» የሚል ጽሑፍ ካካዎ የሚሸጠውንና ትምህርት ቤት የሚጠይቀውን በአንድ ከረጢት ይከታል፤ ሁለቱን የግል አባላትም ያለ ፈቃዳቸው ተቃዋሚ ያደርጋል።

ኦገስት 3 ቀን 1956 የነጻነቱ ውሳኔ ለጉባኤው ቀረበ። 72 ለ0 አለፈ። ተቃዋሚዎቹ አልተገኙም። 71 መቀመጫ ያለው ፓርቲ 72 ድምፅ ማግኘቱ ቢያንስ አንድ ከፓርቲው ውጪ የተመረጠ ሰው አብሮ እንደመረጠ ያሳያል። ዜሮው ግን ተቃውሞ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ተቃውሞው ከአዳራሹ ውጪ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ከአራቱ ክፍላተ ሀገር በሁለቱ አብላጫ ስላለን ነጻነቱ ያለ ፌዴራል ሊሆን አይገባም አሉ። ለንደን ግን 72 ከ104ን፣ 69 በመቶውን፣ ምክንያታዊ ብላ ተቀበለች። በሴፕቴምበር 18 ቀኑ ተነገረ፦ ማርች 6 ቀን 1957።

ለንደን የተቀበለችው የአገር ድምር ቢሆንም ክፍልፋዩን ጨርሳ አልተወችውም። የነጻነቱ ሕገ መንግሥት ለክፍላተ ሀገር የራሳቸው ጉባኤ እንዲቋቋም አዘዘ፤ የክፍለ ሀገር ድንበር ወይም የሕገ መንግሥቱ ጥብቅ አንቀጾች ሲለወጡ ከተራ አብላጫ በላይ እንዲጠየቅ አደረገ። ጥበቃው አልዘለቀም። በዲሴምበር 1957 በክልል፣ በጎሣና በሃይማኖት የተደራጀ ፓርቲን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ የአሻንቲው ንቅናቄ፣ የሰሜኑ ፓርቲ፣ የሙስሊሞቹና የቶጎላንዱ ከሕጉ ቀደም ብለው በአንድ ስም፣ በተባበረው ፓርቲ፣ ተጠቃለሉ፤ መሪያቸው ቡሲያ ሆነ። የክፍላተ ሀገሩም ጉባኤዎች ብዙ ሳይቆዩ ፈረሱ። በ1959 ብሮንግ አሃፎ ከአሻንቲ ተቆርጦ ለብቻው ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ዋና ከተማውም ሱንያኒ።